ዘንጉን ማን ይበትነው? በኮምፒዩተር ስለሚቀርቡ የሂሳብ መርጃ መሣሪያዎች የቀረበ ሂስ

ሕፃናት በስክሪን ላይ እየጎተቱ የሚቆጥሯቸው፣ የሚያጣምሯቸውና የሚከፋፍሏቸው ሥዕላዊ ቅርጾች ለሂሳብ ትምህርት የሚሰጡት ጥቅም፣ ለትምህርት ቤቶች ኮምፒዩተር ወይም ታብሌት እንዲገዛ ሲታቀድ ከሚቀርቡት ምክንያቶች አንዱ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ቅርጾች በጅምላ ማወደስ ወይም መንቀፍ አይደለም፤ በሰፊው ከታወቁት አንዱን ሥራ በቅርብ ለመመርመር ይሞክራል።

ሥራው በአሜሪካ የዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1999 መገንባት የጀመረው ብሔራዊ የምናባዊ መርጃ መሣሪያዎች ቤተ መጻሕፍት ነው። ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን ትምህርት የሚያቅፍ ሲሆን፣ እዚህ የምንመለከተው የቦታ ዋጋ ማስተማሪያውን ብቻ ነው። በዚህ ውስጥ ትንሿ ኪዩብ አንድን፣ ዘንጉ አሥርን፣ ጠፍጣፋው መቶን ይወክላሉ።

ከ32 ላይ 17 ይቀነስ እንበል። ተማሪው ሁለቱ ኪዩቦች ለሰባት እንደማይበቁ ያያል፤ ስለዚህ አንዱን ዘንግ ከአሥር ቤት ወደ አንድ ቤት ይጎትታል። ዘንጉም ድንበሩን እንደተሻገረ በራሱ ወደ አሥር ኪዩቦች ይበተናል። ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው፤ ከ12 ላይ 7፣ ከቀሩት ሁለት ዘንጎችም አንዱ ይነሣሉ፤ 15 ይቀራል። መልሱ ትክክል ነው። ነገር ግን አንዱ አሥር ያው አሥር አንዶች መሆኑን ያሰበው ማን ነው? ፕሮግራሙ ነው እንጂ ሕፃኑ አይደለም። «መበደር» የምንለው ሥራ ዋና ቁም ነገር በዚያች ቅጽበት ስላለ፣ መሣሪያው ተማሪውን ያገዘው ሊታገዝ በማይገባው ቦታ ላይ ነው።

ጭራሮ አሥር አሥር አድርጎ በክር ያሰረ ሕፃን ግን እስሩን ራሱ መፍታት፣ ፈትቶም መቁጠር አለበት። አንዳንድ ጊዜ ዘጠኝ ሆኖ ያገኘውና አሥረኛዋን ከዴስክ ሥር ይፈልጋል። ይህ ጊዜ ማባከን ነው የሚሉ አሉ፤ በእኔ አስተያየት ግን ከዚያ ፍለጋ የተሻለ ትምህርት የለም። በተለይ አማርኛ ተናጋሪው ሕፃን «አሥራ ሁለት» ሲል አሥሩን በቃሉ ውስጥ ይሰማዋል፤ «ሠላሳ» ሲል ግን አይሰማውም። የግእዝ አኃዝም ለሠላሳ የራሱ ምልክት (፴) ስላለው የቦታ ዋጋን አያስተምርም። በ32 ውስጥ ያለችው 3 ሦስት አሥር መሆኗን ሕፃኑ የሚያውቀው በማሰርና በመፍታት ነው።

ይሁንና የስክሪኑ መሣሪያ ጭራሮ የማይደርስበት ቦታ አለው። በሺህ የሚቆጠር ጭራሮ ለማሰር የሚበቃ ክፍለ ጊዜ የለም፤ አስርዮሽማ ጨርሶ አይታሰርም። እ.ኤ.አ. በ2013 የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፓትሪሺያ ሞየር ፓከንሃምና አርላ ዌስተንስኮው 66 የጥናት ዘገባዎችን መርምረው፣ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ከሌሎች የማስተማሪያ ዘዴዎች ጋር ሲነጻጸሩ መካከለኛ የሆነ አዎንታዊ ውጤት እንዳላቸው አሳይተዋል። ሆኖም አማካይ ውጤት፣ ዘንጉ ከመበተኑ በፊት መምህሩ ምን እንደጠየቀ አይነግረንም።

በአገራችን በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት አንዱ ጉድለት፣ መምህሩ ሥርጭቱን አቁሞ ለመጠየቅ አለመቻሉ ነበር። ይህ መሣሪያ ግን ሊቆም ይችላል። ስልሳ ተማሪዎች ባሉበት ክፍል አንድ ፕሮጀክተር ብቻ ቢኖር እንኳ፣ መምህሩ ዘንጉን ድንበሩ ላይ አቁሞ «ስንት ኪዩብ ይወጣል? አንድ ቤት ውስጥስ በጠቅላላው ስንት ይሆናል?» ብሎ መልሱን በየደብተሩ ሊያስጽፍ ይችላል።

ዕቅድ አውጪውን የሚመለከት አንድ ጉዳይ ይቀራል። ቤተ መጻሕፍቱ የተሠራው በጃቫ ነበር። ክሮም እ.ኤ.አ. በ2015፣ ፋየርፎክስም በ2017 የጃቫን ተቀጥላ መቀበል ሲያቆሙ፣ በእነዚህ ቅርጾች ላይ የተመሠረቱ የትምህርት ዕቅዶች ያለ መሣሪያ ቀሩ። ስለዚህ ከግዥ በፊት ሁለት ነገሮች በጽሑፍ ሊጠየቁ ይገባል፤ ፕሮግራሙ ያለ ኢንተርኔት ይሠራልን? ዘንጉ በራሱ መበተኑንስ መምህሩ ሊዘጋው ይችላልን?