አንድ ጎራሿ ውጅግራ

ውጅግራ ዛሬ የለችም። ከጮቄ ተረተር እስከ ዓባይ በረሃ አፋፍ፣ በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባለው ደጋ ሁሉ፣ ከአባት ወደ ልጅ ትከሻ ስትሸጋገር የኖረች አንድ ጎራሽ ጠብመንጃ ዘመኗን ፈጽማለች። በእርሷ ያደገው የማነጣጠር ጥበብም አብሯት ሄዷል፤ ከብረቱ ይልቅ የሚያሳዝነውም የእርሱ መጥፋት ነው።

ትውልዷ ፈረንሳይ ነው። የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1874 የተቀበላት ሲሆን ስሟ ከነደፋት መኮንን፣ ከባዚል ግራ የመጣ ነው። ቀዳሚዋ ሻስፖ በወረቀት የተጠቀለለ ባሩድና እርሳስ ይጎርስ ነበር፤ ውጅግራ ግን የናስ ቀለህ ይዛ መጣች። ቁመቷ 1.30 ሜትር ያህል፣ ክብደቷ ከ4 ኪሎ በላይ፣ የአፏ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር፣ የምትተፋው እርሳስ 25 ግራም ነበር። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1886 ጭስ በማያወጣ ባሩድ የሚተኩሰውን ለበንን ሲያገኙ እርሷን ከሠራዊታቸው አሰናበቱ። እነርሱ ጡረታ ያወጧት ጠብመንጃ በኦቦክ፣ በታጁራና በጅቡቲ በኩል ገብታ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭና ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ወጣች። እውነተኛ ዕድሜዋን የኖረችውም እዚህ ነው።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር አስከትለው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ሲሰለፉ፣ በኢትዮጵያ ሠራዊት እጅ ከነበሩት ልዩ ልዩ ጠብመንጃዎች አንዷ ውጅግራ ነበረች። ከድሉ በኋላ ክብሯ ከፍ አለ። ጥይቷም በብዙ ገበያ እንደ አሞሌ ጨው በገንዘብ ምትክ የምትመነዘር ሆነች። እንዲህ ያለችን ጥይት ያለ ዒላማ ማባከን ሀብትን መበተን ነበርና፣ ተኳሹ ከምላጩ በፊት ዓይኑን ማሠልጠን ግድ ሆነበት።

ውጅግራን ለዒላማ ማቅናት ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነበር። በቱቦዋ ጀርባ ላይ የምትተኛ፣ ሲፈለግ የምትቆም መሰላል መሰል ብረት አለቻት፤ በብረቷ ላይ የሜትር ቁጥሮች ተቀርጸዋል፤ ከፍና ዝቅ የሚል ተንሸራታችም አላት። ተኳሹ ርቀቱን በዓይኑ ይገምታል፤ ተንሸራታቹን ከቁጥሩ ላይ ያሳርፋል፤ ከዚያ የኋላውን ስንጥቅ፣ በአፈሙዙ ጫፍ የቆመችውን ፊተኛ ብረትና ዒላማውን በአንድ መስመር ያገናኛል። ግምቱ ከሳተ ሁሉም ሳተ። እርሳሷ ከባድ፣ ፍጥነቷም በሴኮንድ 450 ሜትር ያህል ብቻ ስለነበረ፣ 300 ሜትር ሳትደርስ ከተነሣችበት መስመር ከሁለት ሜትር በላይ ትወርዳለች። ፊተኛይቱ ብረት ከቦታዋ አንዲት ሚሊ ሜትር ብትዛነፍ ደግሞ ጥይቱ 100 ሜትር ላይ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ይስታል። ያቺ ብረት በሞረድ ዝቅ ስትል ጥይቱ ከፍ ይላል፤ ወደ ቀኝ ስትጎብጥ ጥይቱ ወደ ግራ ይሄዳል። ይህንን የማያውቅ ሰው መሣሪያውን አቀናለሁ ሲል ያበላሸዋል።

በሌላው ዓለም ይኸው ጥበብ በመስታወት ታጅቦ ነበር። በአሜሪካ ማልኮም፣ ከእርሱም በኋላ ዩነርትል የሠሯቸው ረጃጅም የዒላማ መነጽሮች ማስተካከያቸው ከውስጥ ሳይሆን ከውጭ ነበር፤ በመያዣቸው ላይ ያለው ብሎን ሲዞር መነጽሩ በሙሉ ይንቀሳቀሳል። የዩነርትል አንዲት ጠቅታ 100 ያርድ ላይ ጥይቱን ከአንድ ሴንቲ ሜትር ባነሰ ልክ ታዛውረው ነበር። የጎጃም ተኳሽ ያ መስታወት አልነበረውም። ነገር ግን ሁለቱም የሚያስተካክሉት በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ ብረት ነበር፤ የሳተውም ለምን እንደሳተ ከብረቱ ላይ ያነበዋል።

የአገሩ አቀማመጥ ሌላ ፈተና ነበር። በመሰላሉ ላይ ያሉት ቁጥሮች ለፈረንሳይ አየር የተቀረጹ ናቸው፤ ደብረ ማርቆስ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ አየሩ ስስ ነው፤ ጥይቱን የሚይዘው ነገር ያንሳል። ከአፋፍ ሆኖ ወደ ዓባይ ቆላ ቁልቁል ሲተኮስ ደግሞ ጥይቱ ሜዳ ላይ ከሚመታው ከፍ ብሎ ያልፋልና ዝቅ አድርጎ ማነጣጠር ያስፈልጋል። ፈረንሳዊው ቀራጭ ያላሰበውን ይህን ሁሉ ተኳሹ በራሱ ዓይን መሙላት ነበረበት።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ጎጃምን ሲይዝ ውጅግራ አርጅታ ነበር። ሆኖም አርበኛው የጣለው ነገር አልነበረም፤ ያነገተው ምንሽርም ይሁን ለበን ወይም እርሷ፣ ያለውን ይዞ ጫካ ገባ። ጥቁር ባሩዷ የምታወጣው ነጭ ጭስ ተኳሹን ያጋልጣል፤ ስለዚህ አንድ ተኩሶ ቦታ መቀየር ግድ ነበር። ጠላት መትረየስና አውሮፕላን ይዞ በመጣበት ዘመን አንድ ጥይት አጉርሶ፣ መቀርቀሪያ ዘግቶ፣ ትንፋሽ ይዞ መጠበቅ ምን ያህል ልብ እንደሚጠይቅ ማሰብ አያዳግትም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ሲገቡ፣ ያ የአምስት ዓመት ትግል ያለ እነዚህ አሮጌ መሣሪያዎች የማይታሰብ እንደነበረ ታሪክ ሊመሰክርላቸው ይገባል።

ከድል በኋላ በሠርግና በለቅሶ ላይ ስትጮህ፣ በፉከራ መካከል ወደ ሰማይ ስትተኮስ ቆየች። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር በመቃወም ሲነሣ አሮጌ ጠብመንጃዎች እንደገና ከግድግዳ ወረዱ።

ሞቷ ግን እየቀረበ ነበር። የ11 ሚሊ ሜትር ጥይቷን የሚያመጣላት ነጋዴ ጠፋ። ከ1969 ዓ.ም. ወዲህ የሶቭየት መሣሪያ ሲጎርፍ ክላሽንኮቭ መጣ፤ 30 ጥይት የሚጎርሰው መሣሪያ አንዲትን ጥይት አክብሮ የሚይዘውን ተኳሽ አላስፈለገውም። ርቀትን በዓይን መመዘን፣ የፊቷን ብረት በሞረድ አንድ ጊዜ ነክቶ ሌላ ጥይት ከማባከን በፊት ማሰብ፣ ቁልቁለቱን አስልቶ ዝቅ ማለት፣ እነዚህ ሁሉ የሚማራቸው አጡ። አንዳንድ ውጅግራዎች ምናልባት አሁንም ከጣሪያ ሥር ተንጠልጥለው ይሆናል፤ ነገር ግን የሚጎርሱት ጥይት የለም፤ በመሰላላቸው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከደጋው አየር ጋር አስታርቆ የሚያነጣጥር ዓይንም አይመለስም።