አረፋ አትግዙ

ለቤቱ የተሻለ የኤስፕሬሶ ማሽን ሊገዛ የወጣ ሰው ሱቅ ሲገባ ዓይኑ የሚያርፈው ሁለት ነገር ላይ ነው፤ የሚያብረቀርቀው ላሜራና ስኒው ላይ የተኮፈሰው አረፋ። ሻጩ መቼ እንደተፈጨ የማይታወቅ ዱቄት ከቆርቆሮ ይጨልፋል፣ ቁልፉን ይጫናል፣ ሁለት ጣት የሚሆን አረፋ ይወርዳል። ገዢው «ይሄማ የካፌ ነው!» ብሎ ብሩን ይቆጥራል። ዕድሜዬን ማሽን ስፈታና ስገጥም ኖሬ የዚህን ያህል የሚያበሳጨኝ ነገር አላየሁም። አጠገቡ የቆመ ተለማማጅ ባሬስታ ራሱን ነቅንቆ ሲያጸድቅለት ደግሞ ንዴቴ እጥፍ ይሆናል። ገዢው ባያውቅ አይፈረድበትም፤ ሙያ ልማር ያለ ልጅ አረፋ ሲያሞግስ ግን ዝም አይባልም።

ውሃ እንደማያፈስ፣ መለዋወጫው አገር ውስጥ እንደሚገኝ፣ ከኩሽናው መደርደሪያ ሥር ከፍታው እንደሚበቃው ማየት የማንም ሥራ ስለሆነ አልፈዋለሁ። ስለ ቀለሙና ስለ ስክሪኑ መማከር የሚፈልግ ሌላ ሰው ይጠይቅ። ስለ ካፕሱል ማሽንም የምጽፈው የለኝም። የእኔ ጉዳይ ወንፊቱ ነው።

ማሽኑን ከማስነሳታችሁ በፊት እጀታውን ንቀሉና ቡናው የሚጠቀጠቅበትን ትንሽ የብረት ወንፊት በማንኪያ ጫፍ ፈልቅቃችሁ አውጡት። ወደ መስኮት ወይም ወደ አምፖል አንሱት። የእውነተኛው ወንፊት ወለል አንድ ነው፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ደቃቅ ቀዳዳዎች አሉት፣ ብርሃኑ በሁሉም ያልፋል። ሌላኛው ከላይ ሲታይ ያው ነው። ሲገለበጥ ግን ሥሩ ድፍን ነው፤ መርፌ እንኳ የማያልፍባት የምትመስል አንዲት ቀዳዳ ብቻ አለችው። ሁለት ወለል፣ አንድ ቀዳዳ። ብርሃን በወጉ አያልፍበትም። ይህን ካያችሁ በኋላ ስለዚያ ማሽን የሚነገረውን ሁሉ በጥርጣሬ ስሙ።

ምክንያቱን ላስረዳ። በትክክለኛ ማሽን ውሃውን የሚታገለው ቡናው ራሱ ነው። 18 ግራም ቡና በልኩ ተፈጭቶ፣ ተስተካክሎ ሲጠቀጠቅ፣ በ9 ባር የሚገፋውን ውሃ ይዞ ያቆየዋል፤ ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ባለው ጊዜ 36 ግራም ያህል ይወርዳል። ቡናው ሲቆላ ውስጡ የታመቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በግፊቱ ውሃው ውስጥ ይሟሟል። ስኒው ላይ ሲደርስ ግፊቱ ስለሚለቀው ጋዙ ደቃቅ አረፋ ሆኖ ከቡናው ዘይት ጋር ይወጣል። ክሬማ የምንለው ይኸው ነው። ስለዚህ እውነተኛው አረፋ ምስክር ነው፤ ቡናው ከተቆላ ብዙ እንዳልቆየ፣ አፈጫጨቱና አጠቃጠቁ ልክ እንደሆነ ይናገራል። በባለ ሁለት ወለሉ ወንፊት ግን ግፊቱን የምትፈጥረው፣ የውሃ ጎማ ጫፍ በአውራ ጣት ሲያዝ እንደሚሆነው፣ ያቺ አንዲት ቀዳዳ ናት። ቡናው ቢያረጅ፣ ቢሻክር፣ ጨርሶ ባይጠቀጠቅ ግድ የላትም፤ የመጣላትን ከአየር ጋር ቀላቅላ ትረጨዋለች። የዚህ አረፋ ምስክርነት ባዶ ነው።

በዓይንም ይለያል። የእውነቱ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ ነው፤ ጠርዙ ላይ ነጠብጣብ ይኖረዋል፣ በማንኪያ ሲከፈት ቀስ ብሎ ይገጥማል። የውሸቱ የገረጣ ነው፤ አረፋው ጎልቶ ይታያል፣ ደረቅ ነው፣ ትንሽ ሲቆይ መሃሉ ይከፈትና ከሥሩ ጥቁር ውሃ ብቅ ይላል። ስኳር ጣል አድርጎ «አየህ፣ ተሸከመው» የሚል ሻጭ አለ። ስኳር መሸከም የቡና ሙያ አይደለም።

ለአገራችን ሰው ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚቀል መፈተኛ አለ። ከቤት በሙቀጫ የተወቀጠ ቡና በወረቀት ጠቅልላችሁ ሂዱ። ውቅጥ ቡና ለጀበና እንጂ ለኤስፕሬሶ አይሆንም፤ ደቃቁና ሻካራው ተቀላቅሏል። በእውነተኛ ወንፊት ላይ ውሃው በሻካራው መሃል ፈንጥቆ በጥቂት ሰከንድ ይወርዳል፣ ስኒው ውስጥ የሚቀረው ቀጭንና የገረጣ ነው። ማሽኑ «ይህ ቡና ለእኔ አልተፈጨም» እያለ ነው፤ አመስግናችሁ ተቀበሉት። ሌላኛው ማሽን በዚሁ ውቅጥ ያንኑ ሁለት ጣት አረፋ ከሠራ፣ ነገ የይርጋጨፌም ሆነ የሐረር ቡና ብታስገቡበት እንዲሁ አንድ ያደርግባችኋል። ጥሩውን ከመጥፎ የማይለይ ማሽን አይሻሻልም፣ ባለቤቱም አብሮት አይሻሻልም። አፈጫጨቱን ብታደቁት ለውጥ የለም፣ ብታሻክሩት ለውጥ የለም፤ በምን ትማራላችሁ?

ወንፊቱ ንጹሕ ሆኖ እጀታው የሚዋሽበትም አለ። ከወንፊቱ ሥር፣ እጀታው ውስጥ፣ በሞላ የሚዘጋ ትንሽ ቫልቭ ይደብቃሉ። ስለዚህ እጀታውንም ገልብጡ፤ ከላይ እስከ መውረጃው ድረስ መንገዱ ክፍት መሆን አለበት። ሁለቱንም ዓይነት ወንፊት አብረው የሚሰጡ ማሽኖችም አሉ። አሜሪካ ውስጥ ብሬቪል፣ አውሮፓ ውስጥ ሴጅ ተብሎ የሚሸጠው ባሪስታ ኤክስፕረስ አራት ወንፊት ይዞ ይመጣል፤ ሁለቱ ባለ አንድ ወለል፣ ሁለቱ ባለ ሁለት። እንዲህ ያለውን አልቃወምም፤ ሲያሳዩዋችሁ ግን ባለ አንድ ወለሉን አስገጥማችሁ ነው መቅመስ ያለባችሁ።

እውነተኛው አረፋ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው በቀላሉ አይታለልም ነበር። ሉዊጂ ቤዜራ ሚላን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1901 የፈጠራ መብት ያወጣበት ማሽን ውሃውን የሚገፋው በእንፋሎት ስለነበር ግፊቱ ዝቅተኛ ነው፤ የዛሬው ዓይነት ክሬማ አልነበረውም። ያንን የለወጠው አኪሌ ጋጃ ነው። በ1938 የመጀመሪያውን መብት አወጣ፤ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ በማንሻና በሞላ የሚሠራውን ማሽን ለገበያ አቀረበ። አረፋው ለጠጪው እንግዳ ስለነበር የተፈጥሮ የቡና ክሬም እንደሆነ ማስረዳት ነበረበት። ያኔ አረፋው የሥራ ውጤት ነበር፤ ባሬስታው በክንዱ ማንሻውን ይስባል፣ ሞላው ይገፋል፣ ቡናው ይመልሳል። በ1961 ፋኤማ የሚባለው ኩባንያ ኢ61 የተባለውን ማሽን አወጣና የክንዱን ሥራ ለፖምፓ ሰጠው። በ9 ባር መሥራት የተለመደው ከዚያ ወዲህ ነው። ዛሬ ካርቶኑ ላይ «15 ባር» ተብሎ በትልቁ የሚጻፈው ፖምፓው ሲታፈን ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ ነው እንጂ ቡና የሚወጣበት አይደለም። በ15 ባር የሚኮራ ሻጭ ስለ 9 ባር ጠይቁት፤ ካልመለሰ ውጡ።

ማሽን ያስተማሩኝ ሰው ፒያሳ አካባቢ የጣሊያን ባለ ማንሻ ማሽኖችን ሲጠግኑ ያረጁ ነበሩ። ተጠርተው ሲሄዱ መጀመሪያ ማሽኑን አይነኩም። ከመፍጫው ቆንጠር አድርገው ያሸታሉ፣ ከዚያ ወንፊቱን አውጥተው ወደ አምፖሉ ያነሳሉ። ጥርስ አልባ አፋቸውን ገጥመው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ወንፊቱን በሁለት ጣት ቀስ እያሉ ያዞሩታል፤ የተደፈነ ቀዳዳ ካለ ያገኙታል። «ማሽኑ ደህና ነው፤ ቡናችሁን ቀይሩ» ብለው ገንዘብ ሳይቀበሉ የወጡበት ጊዜ ብዙ ነው። እኛን ተለማማጆቹን ብሎን መፍቻ ከማስያዛቸው በፊት ወንፊት ያሳጥቡን ነበር። «ጋሼ፣ ጸድቷል» ስንላቸው «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ፣ ለብርሃኑ አሳየው» ይሉን ነበር። እጀታው ሲታሰር ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘውን ጎማ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ሲቀይሩ አሮጌውን በጥፍራቸው ይጫኑታል፤ እንደ ድንጋይ ከደረቀ ለባለቤቱ ያስጨብጡትና «ይህን ነው ቡና ላይ ስታስር የከረምከው» ይሉታል። ሙያውን የሚያከብር ሰው እንዲያ ነበር የሚያስተምረው።

እሳቸው ማሽን ከሚጠግኑባቸው ቤቶች በአንዱ ማኪያቶ የሚሠሩ እናት ነበሩ። ጠዋት የመጀመሪያዎቹን ስኒዎች አይሸጡም። አረፋውን በሻይ ማንኪያ ገፍፈው ይደፉና ከሥሩ ያለውን ይቀምሳሉ። አረፋው ብቻውን ሲቀመስ መራራ ነው፤ ያልቀመሰ ይቅመሰው። «ለዓይኑ የሚመጣ ሰው ፎቶ ይመልከት» ይሉ ነበር። መፍጫውን ግማሽ ጥርስ ያዞሩና እንደገና ያወጣሉ። የሳቸውን ማኪያቶ የጠጣ ሰው ዛሬ የሚሸጠውን ነጭ ኮፍያ የለበሰ ውሃ አይታገሥም። እኔ አልታገሥም።

ስለ ሙቀት ባጭሩ። ቡናው ላይ የሚያርፈው ውሃ ከ90 እስከ 96 ዲግሪ መሆንና እዚያው መቆየት አለበት። የሚያቆየው ክብደት ነው። የኢ61 ዓይነት ራስ ያላቸው ማሽኖች እጀታው በሚታሰርበት በዚያ ራስ ላይ ብቻ አራት ኪሎ ያህል ነሐስ አላቸው፤ ለመሞቅ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋሉ፣ ከሞቁ በኋላ ግን አይዋዥቁም። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ያለ ሰው ይህን ያስብ፤ ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ጥበቃው እንደ አዲስ ነው። አንድ ቦይለር ብቻ ያለው ማሽን ከቡና ወደ ወተት ሲሸጋገር ያስጠብቃል። ቤቱ ሁሉ ማኪያቶ ጠጪ ከሆነ ቡናና ስቲምን በአንድ ጊዜ የሚሠራ ይገዛል፤ ጥቁር ጠጪ ብቻ ከሆነ ለሁለተኛ ቦይለር የሚከፈለው ብር ለመፍጫ ቢውል ይሻላል።

ስለ ኤሌክትሪኩም አንድ ማስጠንቀቂያ። ከአሜሪካ ዘመድ በሻንጣ ይዞት የመጣ ማሽን የሚሠራው በ120 ቮልት ነው፤ እዚህ በቀጥታ ከተሰካ ማሞቂያው ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል፣ የ60 ኸርዙን ምት ግን አያመጣም፤ የትንንሽ ማሽኖች ፖምፓ የሚንዘረዘረው ደግሞ በዚያ ምት ነው። ከዱባይ የሚመጣው በዚህ በኩል ይስማማል፣ ሶኬቱን ብቻ ማስቀየር ነው።

ምን ይገዛ ለሚለኝ መልሴ የታወቀ ነው። ከአነስተኞቹ የጋጃ ክላሲክ ወይም የራንቺሊዮ ሲልቪያ፤ ሁለቱም 58 ሚሊሜትር ስለሆኑ የካፌ ማሽን ወንፊት ይገባባቸዋል፣ የተፈታ ማሽን የነካ ባለሙያም አይደናገርባቸውም። ጋጃው ከባለ ሁለት ወለል ወንፊት ጋር ከመጣ ያንን አውጥቶ ባለ አንድ ወለሉን ማስገባት ነው። ገንዘብ ያለው የኢ61 ራስ ያለው ይግዛ። ከዚያም በላይ ያለው እ.ኤ.አ. በ1927 ፍሎረንስ የተቋቋመው ላ ማርዞኮ ለቤት የሠራውን ሊኔያ ሚኒ ይግዛ፤ ያንን ገዝቶ የተፈጨ ቡና ከሱፐርማርኬት የሚያመጣ ሰው ግን ብሩን ጥሎታል። መፍጫ ሳይኖር የተገዛ ማሽን ሁሉ ጊዜውን ጠብቆ ወደ ባለ ሁለት ወለሉ ወንፊት ይመለሳል፤ በየቤቱ የማየው ይህንኑ ነው። ወንፊቱ አልሠራ ሲላቸው ቡናውን እንደማስተካከል የውሸቱን ያስገጥሙና «ተስተካከለ» ይላሉ።

ስለዚህ ማሽን ገዝታችሁ ስትወጡ ከሣጥኑ ውስጥ ያለውን ባለ ሁለት ወለል ወንፊት እዚያው ሱቅ ትታችሁ ሂዱ። በምትኩ አንድ መለዋወጫ ጓርኒሲዮንና ሥሩ ክፍት የሆነ እጀታ ጠይቁ፤ ሥሩ ክፍት በሆነው ቡናው ከወንፊቱ ሲወርድ በዓይን ይታያል፣ በአንድ በኩል ከፈነጠቀም ጥፋቱ የአጠቃጠቃችሁ መሆኑን ወዲያው ታውቃላችሁ።