ሙላቱ አስታጥቄና የደራሼ ዋሽንት

በ1943 (ዘመኑ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) በጅማ የተወለዱት ሙላቱ አስታጥቄ በለንደንና በቦስተን ሙዚቃን ተምረው፣ ባለ አምስት ድምፁን የኢትዮጵያ ቅኝት ከጃዝ ጋራ በማዋሐድ «ኢትዮ ጃዝ» የተባለውን ስልት አስገኙ። በራዲዮም የሙዚቃ ዝግጅት አቀረቡ፤ በ2005 ዜማቸው በጂም ጃርሙሽ ፊልም «ብሮክን ፍላወርስ» ገብቶ በዓለም ተሰማ።

ለባህል ጥናት ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ስለ ደራሼ የሚናገሩት ነው። ለብዙ ዓመታት የደቡብ ክልል ርእሰ ከተማ ከነበረችው ከሐዋሳ በስተ ደቡብ ርቆ የሚኖረው ይህ ሕዝብ በቀርከሃ ዋሽንት የሚያሰማው፣ በአውሮፓ «ዲሚኒሽድ» የሚባለው የድምፅ ደረጃ ደቡሲና ቻርሊ ፓርከር ከተጠቀሙበት የቀደመ ነው ይላሉ። ክብሩን ለባለቤቱ መመለሳቸው ያስመሰግናቸዋል። ነገር ግን ቀዳሚነት በማስረጃ እንጂ በመመሳሰል አይረጋገጥም። ደራሼዎች የሚደነቁትም ደቡሲን ስለ ቀደሙ ከሆነ መለኪያው አሁንም አውሮፓ ሆኖ ይቀራል።

በፊላ ጨዋታ እያንዳንዱ ነፊ የድርሻውን ድምፅ ሲያስገባ ዜማው በማኅበር ይሞላል። ሊጠና የሚገባው ይህ ሥርዐት ነው። ሙላቱ ጆሮ እንዲያዘነብል አድርገዋል፤ የነፊዎቹን ቃልና ድምፅ በቦታው ተገኝቶ መመዝገብ ግን በሐዋሳና በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ አጥኚዎች ፈንታ ነው።