የሚስቁ አማልክት፦ ቧልትና ሐዘን በ«ቶር» ተከታይ ፊልሞች

ስለ ልዕለ ኃያላን ጀግኖች የሚሠሩት የአሜሪካ ፊልሞች ተከታይ ክፍል በወጣ ቁጥር በአፍቃሪዎቻቸው መካከል አንድ ክርክር ይነሣል። ክርክሩ ፊልሙ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ከሚለው አልፎ ወደ አንድ ነጥብ ይጠባል፤ ቀልዱ በዛ ወይስ አልበዛም? አንዱ ወገን «ቀልዱ ሐዘኑን ገደለው» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ካባ ደርቦ የሚበር ሰው ፊቱን አኮሳትሮ ሲደሰኩር ከማየት፣ በራሱ ላይ ሲያላግጥ ማየት ይሻላል ባይ ነው። ነገሩን የልጆች ጨዋታ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ግን ባያልፈው ይመረጣል። ተከራካሪዎቹ ስሙን አይጥሩት እንጂ የሚነጋገሩት ስለ ቃና፣ ስለ ተራኪና ስለ ምጸት ነው፤ እኛም በልቦለድና በተውኔት ላይ ስናነሣቸው የኖርናቸው ጥያቄዎች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ በ«ቶር» ተከታይ ክፍሎች፣ በተለይም በመጨረሻዎቹ ሁለት ላይ እናተኩራለን። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቶር ከሰሜን አውሮፓ ሕዝቦች ጥንታዊ አፈ ታሪክ ወጥቶ ወደ ማርቭል የኮሚክ መጻሕፍት የገባው በ1962 ነው። የመጀመሪያውን ፊልም በ2011 ያዘጋጀው ኬኔት ብራና የሼክስፒርን ተውኔቶች ወደ ፊልም በማምጣት የታወቀ ሰው ነውና ታሪኩን የአባትና የልጅ፣ የወንድማማች፣ የዙፋንና የስደት ታሪክ አድርጎ ሠራው። ቀልድ አልጠፋበትም፤ ግን ቀልዱ የሚመነጨው አምላክ የነበረው ሰው በአንዲት ትንሽ የአሜሪካ ከተማ ሲደናበር ነው። በ2013 አለን ቴይለር ያዘጋጀው ሁለተኛ ክፍል ይበልጥ ጠቆረ፤ ከአፍቃሪዎቹም ብዙዎቹ ደካማው ክፍል ይሉታል። ስለዚህ ታይካ ዋይቲቲ በ2017 «ራግናሮክ»ን ሲረከብ የተረከበው የደከመ ጀግና ነበር። ዋይቲቲ የማኦሪ ተወላጅ የሆነ የኒውዚላንድ ሰው ነው። ቀደም ሲል ከጓደኛው ጋር ደም መጣጮች አንድ ቤት ተከራይተው ዕቃ ማጠብ የማን ተራ እንደሆነ ሲጨቃጨቁ የሚያሳይ አስቂኝ ፊልም አዘጋጅቷል። በ«ራግናሮክ»ም ተዋንያኑ ከተጻፈው ቃለ ተውኔት እየወጡ እንዲናገሩ ሰፊ ፈቃድ ሰጣቸው። ሁለተኛው ክፍል በዓለም ዙሪያ 644 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲያስገባ ይኸኛው ከ850 ሚሊዮን አለፈ። ገንዘቡ የጥበብ ሚዛን ባይሆንም ከዚያ በኋላ ለመጣው ነገር ምክንያት መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

«ራግናሮክ» ላይ የሚሰነዘረው ክስ ከባድ ነው። የአማልክቱ አገር አስጋርድ በዓይናችን ፊት እየወደመች ሳለ፣ ኮርግ የተባለው ባለ ድንጋይ ገላ ገጸ ባሕርይ መሠረቱ ደኅና ስለሆነ እንደገና መገንባት ይቻላል እያለ ያጽናናል፤ ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ መሠረቱም አብሮ ይፈነዳል። አገር ሲጠፋ ይሳቃል ወይ? ነው የከሳሾቹ ጥያቄ። ሌላም አላቸው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች የቶር የልብ ጓደኞች የነበሩት ሦስቱ ተዋጊዎች በዚህ ፊልም እንደ ዝንብ ይረግፋሉ፤ ቶር ግን የት ደረሱ ብሎ አንዴ እንኳ አይጠይቅም። በሁለተኛው ነጥብ ከሳሾቹን ሐሰት ናችሁ ማለት አይቻልም። ያ ቀልድ ሳይሆን ቸልተኝነት ነው።

የመጀመሪያው ክስ ግን ፊልሙን ከመነሻው ይዞ ላነበበ ሰው አይጸናም። ቶር ከዘመቻ ሲመለስ የሚያገኘው ተውኔት ነው። ወንድሙ ሎኪ የአባታቸውን የኦዲንን መልክ ለብሶ ተቀምጦ፣ የራሱን የውሸት የጀግንነት ሞት የሚያሳይ ልብ ሰባሪ ተውኔት በአደባባይ ያሠራል፤ ሕዝቡም ያለቅሳል። የምንስቀው አገሪቱ ስለ ራሷ በምትተርከው ታሪክ ላይ ነው። ቆይቶ የኦዲን የበኩር ልጅ ሄላ መጥታ የቤተ መንግሥቱን ጣሪያ ታፈርሰዋለች። በላዩ ላይ ሰላምና ደስታ ተስሏል፤ ሥዕሉ ሲረግፍ ከሥሩ ሌላ ሥዕል ይወጣል፤ አባትና ልጅ ደም እያፈሰሱ አገር ሲያስገብሩ። ወርቁ ሁሉ የተገኘው በዘረፋ መሆኑን በዚያን ጊዜ እንረዳለን። እንግዲህ የተውኔቱ ቧልትና የጣሪያው ቁም ነገር የሚያነጣጥሩት በአንድ ዒላማ ላይ ነው፤ በተሸፋፈነ ታሪክ ላይ። ኮርግም መሠረቱ ደኅና ነው ሲል፣ መሠረቱ ደኅና እንዳልነበረ ከጣሪያው ሥዕል አስቀድመን አውቀናል። ቀልዱ ሐዘኑን አልገደለውም፤ ሐዘኑ ለማን ይገባል ብሎ ጠየቀ። በቅኝ ግዛት ከተያዘ ሕዝብ የተወለደ አዘጋጅ ይህን መጠየቁ በአጋጣሚ ነው ብለን አናምንም።

በ2022 የወጣው አራተኛው ክፍል «ፍቅርና ነጎድጓድ» የተመልካቹን ፍርድ የከፈለ ነው። በመክፈቻ ዕለት ከሲኒማ ቤት የሚወጡ ተመልካቾችን የሚጠይቀው ሲኒማስኮር የተባለ ድርጅት ለ«ራግናሮክ» ኤ፣ ለዚህ ደግሞ ቢ ፕላስ መዝግቧል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ለእንዲህ ዓይነት ፊልም ግን ትንሽ አይደለም። የሚገርመው ሁለቱን ያዘጋጀው አንድ ሰው መሆኑ ነው። ያው እጅ፣ ያው የቀልድ ዓይነት። ታዲያ ምን ተለወጠ?

መልሱ በመክፈቻው ትዕይንት ውስጥ ያለ ይመስለናል። ጎር የተባለ ሰው በረሃ ላይ የምትሞት ልጁን ታቅፎ ወደ አምላኩ ወደ ራፑ ይጸልያል። ልጁ ትሞታለች፤ ይቀብራታል። ከዚያ በምንጭና በፍሬ የተሞላ ለምለም ስፍራ ላይ ይደርሳል፤ አምላኩም በዚያ ሲበላና ሲጠጣ ያገኘዋል። ጎር ከሞት በኋላ ስላለው ዋጋ ሲጠይቀው ራፑ ምን አደረገ? ሳቀበት። ጎር አማልክትን ሁሉ ለመግደል የሚምለው ከዚህ ሳቅ በኋላ ነው። በፊልሙ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ትዕይንት የለም፤ ክርስቲያን ቤልም የተጫወተው አንድ ቃል ሳያባክን ነው። ፊልሙ እንግዲህ ክስ ይዞ ተነሥቷል ማለት ነው፤ በተጎዳ ሰው ላይ የሚስቅ ኃያል ሞት ይገባዋል የሚል ክስ።

ቀጥሎ የሚመጣው ግን ራሱ ሳቅ ነው። ቶር ሁለት ፍየሎች በስጦታ ያገኛል፤ ፍየሎቹ ብቅ ባሉ ቁጥር እንደ ሰው ይጮኻሉ። መጀመሪያ ያስቃል። ሁለተኛ ጊዜም ፈገግ ያሰኛል። ከዚያ በኋላ ያው ጩኸት ያለ አንዳች ለውጥ ይደጋገማል። ከዚህ ጋር የቶርን መጥረቢያ ቅናት እናነጻጽር። ቶር የቀድሞ መዶሻውን በናፍቆት ሲያነጋግር መጥረቢያው ከጎን ብቅ እያለ ያኮርፋል። ይህም ይደጋገማል፤ ግን በተደጋገመ ቁጥር ቶር ለጄን ፎስተር ሊነግራት ያልደፈረውን ፍቅር በመሣሪያ አፍ ይነግረናል። አንዱ ቀልድ ሥራ አለው፤ ሌላው ሥራ ፈት ነው። አፍቃሪዎቹ «ቀልዱ በዛ» የሚሉት ስለ ቁጥር ይመስላቸዋል እንጂ የሚያማርሩት በሥራ ፈቱ ቀልድ ነው።

የጄን ነገር ከዚህም ይከብዳል። ጄን ካንሰር ይዟታል፤ አራተኛ ደረጃ ደርሷል። ጄሰን አሮን በጻፈው ኮሚክ መጽሐፍ እንደሚታየው ሁሉ፣ መዶሻውን ባነሣች ቁጥር ኃያል ትሆናለች፤ ዳሩ ግን ኃይሉ ሕክምናውን ያከሽፈዋል። ይህን የመሰለ ግጭት ማንም ደራሲ ቢያገኝ የሚመኘው ነው። መጽሐፉን ያነበቡ አፍቃሪዎች የተቆጡትም ለዚህ ነው። ጄን ራሷ በሕመሟ ስትቀልድ፣ ለጀግና የሚሆን የፉከራ ቃል ፍለጋ ስትቸገር እናያለን፤ ይህ ተገቢ ነው። ቁስሉ የራሷ ነውና። በለቅሶ ቤትም ሐዘንተኛውን ቀድሞ የሚያስቀው ሰው አብሮት ያለቀሰ የቅርብ ሰው እንጂ መንገድ አላፊ አይደለም። ችግሩ ፊልሙ ከጄን አፍ ቀልዱን ነጥቆ ለሁሉም ማደሉ ላይ ነው።

የፊልሙ ተሟጋቾች አንድ ጠንካራ መልስ አላቸው። ታሪኩን ለሕፃናት የሚተርከው ኮርግ ነው፤ ስለዚህ ቧልቱ የተራኪው ቃና ነው፤ ተራኪው ለልጆች ሞትን የሚያለዝብበት መጋረጃ ነው ይላሉ። መልካም ንባብ ነው፤ ፊልሙ ግን እስከ መጨረሻው አያግዘውም። የተራኪ ቃና መጋረጃ መሆኑን የምናውቀው አልፎ አልፎ ሲቀደድ ነው። እዚህ ሁለት ጊዜ ይቀደዳል፤ ቀለም በጠፋበት የጥላ ዓለም ጎር ጀግኖቹን አስሮ በሚያናግርበት ጊዜና በመጨረሻ ጄን በቶር እቅፍ ስትሞት። ሁለቱም ያማሩ ናቸው። በመካከል ግን የኮርግ ድምፅ የማይሰማባቸው፣ እርሱም የሌለባቸው ትዕይንቶች በዚያው ቃና ይሄዳሉ። ስለዚህ መጋረጃው የተራኪው ሳይሆን የአዘጋጁ ልማድ ይሆናል። ቶርን የተጫወተው ክሪስ ሄምስዎርዝ ራሱ በ2024 ለቫኒቲ ፌር መጽሔት በሰጠው ቃል በዚያ ፊልም የራሱ ፌዝ ወደ መሆን እንደደረሰ ተናግሯል። ተዋናይ ይህን ሲል መስማት ብርቅ ነው።

ከዚህ ላይ ስለ ተከታይ ክፍል ባሕርይ አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። ቶር በ«ራግናሮክ» አንድ ዓይኑን ያጣል። ስድስት ወር ሳይሞላ በወጣው «አቬንጀርስ» በተባለው ፊልም ሮኬት የተባለው ገጸ ባሕርይ በዋዛ ሰው ሠራሽ ዓይን ይሰጠዋል። ሄላ የሰባበረችው መዶሻም በ2022 ስብርባሪው ተሰባስቦ ለጄን ይነሣል። ታሪኩ እንዲቀጥል የጠፋው ሁሉ መመለስ አለበት፤ ቀልድ ደግሞ መመለሱን እንዳናስተውል የሚያዘናጋ ተባባሪ ይሆናል። በዚህ ረገድ «ዴድፑል» የባሰ ነው። በ2018 በወጣው ሁለተኛ ክፍል የጀግናው ፍቅረኛ ቫኔሳ ገና በመጀመሪያው ትገደላለች፤ ወዲያው የሠሪዎቹ ስም የሚወጣበት ጽሑፍ በሞቷ ያላግጣል፤ በመጨረሻም ጊዜን የሚመልስ መሣሪያ ተገኝቶ ትድናለች። ሴትን ለወንዱ ሐዘን ብቻ ሲባል የመግደልን ልማድ ደራሲዋ ጌይል ሲሞን ከ1999 ጀምሮ ስትነቅፈው የቆየችው ነው። የፊልሙ ቀልድ ግን ራሴን ቀድሜ ስለ ሰደብሁ እናንተ አትስደቡኝ የሚል ዓይነት ነው፤ ሂስ አይቀበልም፤ ይቀማል እንጂ። በ2024 ደግሞ ዴድፑል የሎጋንን መቃብር ቆፍሮ በአጥንቱ እየተዋጋ ይጨፍራል። ሎጋን በ2017 ጀምስ ማንጎልድ ባዘጋጀው ፊልም ሲሞት አዳራሽ ሙሉ ሰው አልቅሶ ነበር። ፊልሙ ስለ ገንዘብ ነው የምቆፍረው ብሎ በግልጽ ማላገጡ ከብዙዎቹ ይልቅ ሐቀኛ ያደርገዋል። ቢሆንም «የዚያን ጊዜ እንባችን ምን ሆነ?» ብሎ የሚጠይቀውን ተመልካች ቀልድ አይገባውም ብሎ ማሳፈር አይቻልም። ያ ተመልካች ቀልድ አልጠላም፤ የጠላው የተሰጠው ሞት መሰረዙን ነው።

«ፍቅርና ነጎድጓድ» ሲያልቅ ሁለት አጫጭር ትዕይንቶች ይታከላሉ። በአንደኛው የቆሰለው ዜውስ አማልክት መሳቂያ ሆነዋል ብሎ ያማርራል፤ ሰዎች እንደገና እንዲፈሩ ልጁን ሄርኩለስን ያዘምታል። የራፑ ሳቅ ዞሮ በአማልክቱ ላይ ደርሷል ማለት ነው፤ ግን ይህ የታየው ግማሹ ተመልካች ከወንበሩ ከተነሣ በኋላ ነው። በሁለተኛው ጄን ወደ ጀግኖች ማረፊያ ወደ ቫልሃላ ትገባለች፤ ሄይምዳል ቆሞ ይቀበላታል። በዚህ ትዕይንት ቀልድ የለም። አፍቃሪዎቹ ዛሬም ይከራከሩበታል፤ አንዱ ዕረፍት አገኘች ይላል፣ ሌላው ለሚቀጥለው ክፍል በሩን ገርበብ አድርገው ተዉት ይላል።