«ጨዋ» ማን ነው?

በወጣቶች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ አንዲት እህት እጇን አውጥታ «ይህ ግን ለምን ሆነ?» ብላ ጠየቀች። ከኋላዬ የተቀመጠ ወንድም «ጨዋ ልጅ ትመስለኝ ነበር» ሲል ሰማሁት። እርሷም ሰማችው፤ ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችም። እኔም ዝም አልሁ።

ዛሬ «ጨዋ» ስንል ሥርዓት ያለው፣ አንገቱን የደፋ፣ ድምፁ የማይሰማ ማለታችን ነው። ቃሉ ግን ቀድሞ የትውልድም ስም ነበር። የ1954 ዓ.ም. መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ገላትያ ምዕራፍ 4 ላይ ግለጡ። አጋር «ባሪያይቱ» ስትባል፣ ስሟ ያልተጠራው ሣራ «ጨዋይቱ» ተብላለች። እዚያ «ጨዋ» ማለት ነጻ ማለት ነው፤ ስለ ጠባይ የተነገረ ነገር የለም። በምዕራፍ 3 ቁጥር 28 ደግሞ ጳውሎስ በክርስቶስ የባሪያና የጨዋ ልዩነት እንደሌለ ያስተምራል። እንግዲህ አንዱን «የጨዋ ልጅ» ብለን ሌላውን ስናሳንስ፣ ወንጌል ያፈረሰውን አጥር መልሰን እያጠርን እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ከዚህም ይልቅ የሚገርመኝ የሐዋርያት ሥራ 17፥11 ነው። ሉቃስ የቤርያን ሰዎች ያመሰገነበት የግሪክ ቃል መነሻ ፍቺው «ከመልካም ዘር የተወለደ» ነው። ይኸው ቃል በ1ኛ ቆሮንቶስ 1፥26 «ባላባቶች» ተብሎ ተተርጉሟል። በሐዋርያት ሥራ ግን ተርጓሚዎቹ «ልበ ሰፊዎች» አሉት። መልካም አደረጉ እላለሁ፤ ሉቃስ የዘር ሐረጋቸውን አልቆጠረምና። ያመሰገናቸው የሰሙትን በደስታ ስለ ተቀበሉና እውነት መሆኑንም በየቀኑ ከመጻሕፍት ስላጣሩ ነው። የመረመሩትም የጳውሎስን ስብከት ነበር!

ቃሉን እንጣለው አልልም። መከባበር መልካም ነው፤ ታላቅ ሲናገር ማቋረጥም ጨዋነት አይደለም። ነገር ግን ዝም ያለ ሁሉ ጨዋ አይባልም፤ የፈራም ዝም ይላል። የእህታችን ጥያቄ የቤርያ ሰዎች ጥያቄ ነበር። ጨዋነት የጎደለን እኛ ነን፤ እርሷን ያሸማቀቀው ወንድምና እየሰማሁ ዝም ያልሁት እኔ።

በሚቀጥለው ጥናት አጠገቧ ተቀምጬ «ባለፈው የጠየቅሽው ምን ነበር?» እላታለሁ።