ከቅባት በፊት መንስኤን መለየት

ቡናማ የቆዳ ነጠብጣብ ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን፣ ሜላኒን የተባለው ቀለም ሰጪ ንጥረ ነገር በአንድ ስፍራ ሲበዛ ወይም ወደ ጥልቁ የቆዳ ሽፋን ሲወርድ የሚታይ ምልክት ነው። ስለዚህ የሐኪሙ ጥበብ ቀለሙን በማጥፋት ሳይሆን ያመጣውን ነገር በመለየት ይጀምራል።

በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በዙሪያቸው ባሉ የቡና አካባቢዎች የሚሠራ ባለሙያ ከቀለሙ አስቀድሞ ስለ ማሳከኩ መጠየቅ ይኖርበታል። ፈጥነው በሚፈሱ ወንዞች የምትራባው ጥቁር ዝንብ የምታስተላልፈው ትል የሚያመጣው ኦንኮሰርኪያሲስ በዚህ የአገሪቱ ክፍል ሥር የሰደደ ሲሆን፣ በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ዓይን በማሳወሩ የታወቀው ይህ በሽታ እዚህ ይበልጥ የሚጎዳው ቆዳን ነው። የትሉ እጮች በቆዳ ውስጥ ሲሞቱ ብግነት ይፈጠራል፤ ብግነቱ ያሳክካል፤ የታከከውም ስፍራ ሲድን ጠቁሮ ይቀራል፤ በሽታው ለዓመታት ከቆየም ቅልጥም ላይ ያለው ቆዳ ቀለሙን በየቦታው አጥቶ ይዥጎረጎራል። ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሜክቲዛን በሚል ስም በነጻ የሚታደለው አይቨርሜክቲን እጮቹን እንጂ ከ10 ዓመት በላይ ሊኖሩ የሚችሉትን ጎልማሳ ትሎች ስለማይገድል፣ እደላው በየጊዜው ይደጋገማል። ትሉ ሳይታከም ጠባሳውን ብቻ በቅባት ማቅላት ለአዲስ ነጠብጣብ ቦታ ከማዘጋጀት አያልፍም።

ማሳከክ ሳይኖር በሁለቱም ጉንጮች፣ በግንባርና በላይኛው ከንፈር ላይ ተመጣጥኖ የሚወጣው ማድያት ግን መነሻው ሌላ ነው። እርግዝና፣ የእርግዝና መከላከያ እንክብልና የዘር ዝንባሌ ያዘጋጁትን ቆዳ ፀሐይ ያጠቁረዋል። በዋንዛ ጥላ ሥር ቡና የሚለቅም ሰው በከፊል ሲጠለል፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ እሸት ስታገላብጥ የምትውል ሴት ፊቷ ቀኑን ሙሉ ለፀሐይ ይጋለጣል፤ በመሆኑም ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ቅባት የሕክምናው ግማሽ እንጂ ተጨማሪ ምክር አይደሉም።

እርጥበትና ሙቀት የሚወደው ቋቁቻ አንዳንዴ ቆዳን በማንጣት ፈንታ ያጠቁራል፤ ሕክምናውም የፈንገስ መድኃኒት ነው። በጥጥ ሲነካ የማይሰማ የቆዳ ለውጥ የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ በውስጥ እግር ላይ የሚሰፋና ጠርዙ ያልተስተካከለ ጥቁር ነጥብ ደግሞ የቆዳ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል፣ ሁለቱም ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ይላካሉ።

መንስኤው ከታወቀ በኋላ የሜላኒንን ምርት የሚቀንሰው ሃይድሮኪኖን በሐኪም ክትትል ለተወሰኑ ወራት ሊታዘዝ ይችላል፤ ለነፍሰ ጡር ግን አይመረጥም። ያለ ገደብ ሲቀባ ኦክሮኖሲስ የተባለ፣ ለመመለስ እጅግ የሚያስቸግር ሰማያዊ ጥቁረት ያስከትላል። ያለ ትእዛዝ የሚገዙ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባቶች ለጊዜው ፊትን ቢያፈኩም ቆዳን ያሳሳሉ፤ ሜርኩሪ ያለባቸው ማንጫዎችም ኩላሊትን ይጎዳሉ። ወደ ጥልቁ ሽፋን የወረደ ቀለም ለመደብዘዝ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ስለሚፈጅ፣ በሳምንት አጠፋለሁ የሚል ቅባት ሊታመን አይገባም፤ ባለሙያውም ይህን እውነት ለታካሚው በመጀመሪያው ቀን መናገር አለበት።