ያልተማለለት አንቀጽ፦ የ1776ቱ የኒው ጀርሲ ሕገ መንግሥትና የሴቶች ድምፅ

የኒው ጀርሲ የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት የጥድፊያ ልጅ ነው። ጁላይ 2 ቀን 1776 እ.ኤ.አ. ሲጸድቅ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ኒው ዮርክ ወደብ ደርሰው ነበር። ረቂቁ በቀናት ውስጥ ተጽፎ አለቀ፤ ለሕዝብ ውሳኔም አልቀረበም። ከእንግሊዝ ጋር ዕርቅ ከወረደ ሰነዱ እንደሚሻር ራሱ መጨረሻው ላይ ይናገራል።

አራተኛው አንቀጽ ግን በዘመኑ ብርቅ የሆነ ነገር ይዟል። ድምፅ እንዲሰጡ የፈቀደው ለአካለ መጠን ለደረሱ፣ ከዕዳ የተጣራ 50 ፓውንድ የሚያወጣ ሀብት ላላቸውና በካውንቲው 12 ወር ለኖሩ «ነዋሪዎች ሁሉ» ነው። ወንድ አይልም፤ ነጭም አይልም። (እዚህ በብዙ ቁጥር ስላስቀመጥኩት ነው እንጂ በነጠላ «ያለው»፣ «የኖረ» ብል ኖሮ አማርኛው ራሱ ሴቷን ከደጅ ያስቀራት ነበር።)

አርቃቂዎቹ አስበውበት ነው ወይስ አምልጧቸው? ክርክሩ ዛሬም አልቆመም። በእኔ እምነት ከእነሱ ሐሳብ ይልቅ የሚመዝነው ኋላ የሆነው ነው። በ1790 የወጣው የምርጫ ሕግ መራጩን «እሱ ወይም እሷ» ብሎ ጠራ፤ በ1797 ደግሞ ይኸው አጠራር በመላው ግዛት ጸና። በ1801 በሞንትጎመሪ ቀበሌ በተያዘ የመራጮች ዝርዝር ላይ ቢያንስ 46 የሴት ስሞች ከወንዶቹ ጋር ተሰልፈው ይነበባሉ። ያገባች ሴት ንብረት በባሏ እጅ ስለሚገባ መራጮቹ በአብዛኛው ባል የሞተባቸውና ያላገቡ ነበሩ። መስፈርቱን ያሟሉ ነጻ ጥቁሮችም መርጠዋል።

ታዲያ ይህ መብት በምን ተጠበቀ? በምንም። ሕገ መንግሥቱ የንጉሡን አገረ ገዥ በመፍራት ሥልጣኑን ለምክር ቤቶቹ አስረከበ፤ ገዥውን በየዓመቱ የሚመርጡት እነሱ ናቸው። እነሱን ደግሞ በመሐላ ሊያስር ሞከረ። በ23ኛው አንቀጽ መሠረት እያንዳንዱ አባል ዓመታዊውን ምርጫ፣ በዳኞች ሸንጎ መዳኘትንና የሃይማኖት አንቀጾቹን ላይሽር ይምላል። አራተኛው አንቀጽ በዝርዝሩ የለም። የሰነዱ ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ነው፤ ምርጫው በየዓመቱ እንዲደረግ ተማለ፣ ማን እንደሚመርጥ ግን ለሹማምንቱ በጎ ፈቃድ ተተወ።

በ1807 መጀመሪያ የኤሴክስ ካውንቲ ፍርድ ቤት የት ይሠራ በሚል ኒውአርክና ኤልሳቤጥታውን ተፎካከሩ። የተቆጠረው ድምፅ ከመራጩ ቁጥር በለጠ፤ ወንዶች የሴት ልብስ ለብሰው ደጋግመው መረጡ ተባለ። ምክር ቤቱ ውጤቱን ሰረዘ፤ በኖቬምበርም ጥርጣሬን ለማጥራት በሚል ምክንያት መራጭነትን ለነጻ ነጭ ወንድ ዜጎች ብቻ አደረገ። ያጭበረበሩት ወንዶችም ነበሩ፤ ድምፃቸውን የተነጠቁት ግን ሴቶቹና ጥቁሮቹ ሆኑ። ልብ የሚሰብረው ደግሞ ይህ ነው፦ በዚያው ሕግ ግብር የከፈለ ነጭ ወንድ 50 ፓውንዱን እንዳሟላ ተቆጠረለት። ለአንዱ በሩ ሲሰፋ በሌላው ላይ ተዘጋ።

ተራ ሕግ ሕገ መንግሥትን በዚህ መልክ ሲሽር ከሕገ መንግሥቱ ቃል አንድ ፊደል እንኳ አልተነካም። «ነዋሪዎች ሁሉ» የሚለው ሐረግ ሴቶቹንም ጥቁሮቹንም ሳያስመርጥ 37 ዓመት በወረቀት ላይ ቆየ፤ በ1844 አዲሱ ሕገ መንግሥት ሲጻፍ በቦታው «ነጭ ወንድ ዜጋ» ገባ።